ሰማያዊዋ ቮልስ

በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ የምሰጠው አንድ የድርሰት ርእስ ነበረ፤ «የምወደው ዕቃ» የሚል። ርእሱ ቀላል ስለሚመስል ተማሪዎቹ ይደሰቱበት ነበር። ነገር ግን ወረቀታቸውን ሰብስቤ ቤቴ ወስጄ ሳርም የማገኘው ነገር ከዓመት እስከ ዓመት አንድ ዐይነት ነበረ። ዕቃው ቆንጆ ነው፤ ዕቃው አዲስ ነው፤ ዕቃው ውድ ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ ያደንቁታል። እኔም በቀይ ስክሪብቶ «ዕቃው ምን አደረገልህ?» እያልኩ በኅዳጉ ላይ ስጽፍ ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ። እኔ ራሴ በዚያው ርእስ ጻፍ ብባል ምን እንደምጽፍ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬ ሰባውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው የቤት ሥራው ለራሴ ደረሰኝ። እንግዲህ እናንተ አራሚዎቼ ሁኑ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት መኪና ነው። በ1979 ዓ.ም. ወደ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ግማሹን በቁጠባ ግማሹን በብድር ከፍዬ የገዛኋት ቮልስዋገን ናት። የተሠራችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ሲሆን ቀለሟ ክረምት እንደ ወጣ የሚታየውን ሰማይ ይመስል ነበር። በአምስት ኪሎ ሙሉ ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ ለሁሉም ቮልስ ነበረች። ከቤቴ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የድንቅነሽ አፅም ስላለ፣ የሰፈራችን ቀልደኞች ደግሞ መኪናዬን «ሁለተኛዋ ድንቅነሽ» ይሏት ነበር። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር፤ ሆኖም ውስጤን ትንሽ ቅር ይለው እንደ ነበር አልደብቃችሁም።

ከመካከላችሁ ቮልስ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሊኖር ስለሚችል ጥቂት ልግለጽ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት ያለውን ኮፈን ስትከፍቱ የምታገኙት ቀያሪ ጎማውን፣ የቤንዚኑን ታንክና ትንሽ የሻንጣ ቦታ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ ውሃ የሌላት መኪና ደግሞ ውሃ ጎደለባት ተብላ መንገድ ላይ አትቆምም። ቮልስ በአፍሪካ መንገድ ላይ የተወደደችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ያን እጅግ አድካሚ የሆነውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር ያሸነፈችውም ቮልስ ነበረች። ትውልዷ ግን ንጹሕ አይደለም። በ1930ዎቹ ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሥራውን የደገፈው የሂትለር መንግሥት ነበር፤ በጦርነቱ ዘመንም ፋብሪካው በግዳጅ በተጋዙ ሠራተኞች ጉልበት ይንቀሳቀስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሰላም ዘመን መኪና ሆና፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች።

የእኔዋ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ይህ ግን በመጽሐፉ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር የሚስበው ኦክሲጅን ያንሰዋል፤ በየ1,000 ሜትሩም ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ከ34ቱ ፈረሶቼ ስምንቱ ያህል ከወደብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ መንገድ ላይ ቀርተዋል እያልኩ እቀልድ ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው ዳገት ላይ አራት ሰው ጭኜ ስወጣ፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች በእግራቸው ሲቀድሙኝ ያየሁበት ቀን አለ።

ታዲያ ያች ደካማ መኪና ምን ያላደረገችው ነገር አለ? በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ ከተማው ጭር ባለበት አንድ ሌሊት፣ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን ሆስፒታል አድርሳለች፤ ያን ሌሊት የተወለደው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። የእድራችንን ድንኳን ቋሚዎች በፖርቶመጋላዋ ተሸክማ ስንት ለቅሶ ቤት ደርሳለች። ባለሦስት ገመድ እስር የፈተና ወረቀት ጭና ወደ አራሚዎች ሄዳለች። ሁለት ሙሽሮች በአበባ አጊጠውባታል፤ አንዷ የእኔ ልጅ ነበረች። በባለስድስት ቮልቱ ባትሪዋ ምክንያት በብርድ ጠዋት አልነሣም ስትል ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ይገፏት ነበር። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ረግጬ እጠብቃለሁ፤ እነሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ይገፋሉ፤ እኔ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ አስነጥሶ ይነሣል፤ ልጆቹም በእልልታ ይሸኙኛል። በዚያ ዘመን በእኛ መንገድ ያደገ ልጅ ይህችን ቮልስ ያልገፋ ቢኖር በጣም የታመመ መሆን አለበት።

አሁን የተጠቀምኩባቸውን ቃላት ልብ በሉ፤ ይህ የሰዋስው መጽሐፍ ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ፖርቶመጋላ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የመጡት በመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ዘይት በነካው እጅ ተቀባብለው ነው። አንዳንዶቹም ከአፋችን ጋር ተስማምተው ቅርጻቸውን ለውጠዋል። ቋንቋ ዕቃን ተከትሎ ይገባል። ዕቃው ሲሄድ ቃሉ ምን ይሆን ይሆን? ወደዚህ ጥያቄ ኋላ እመለሳለሁ።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ከስድስት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ቁልቁል እወርድ ነበር። ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት ስለነበረ ከፊቴ ባለው ዜብራ ላይ ልጆች መሻገር ጀመሩ። ፍሬን ረገጥኩ። መርገጫው ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ወደ አንደኛ ጨቆንኩት፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ባለኝ ኀይል ሁሉ ሳብኩ፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። የፊቷ ጎማ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ቆመች። ከዜብራው ላይ የነበረችው አንዲት ልጅ ደብተሮቿ ከእጇ ወድቀው ተበትነዋል፤ በእሷና በቮልሷ አፍንጫ መካከል የነበረው ርቀት ሦስት እርምጃ አይሞላም። እኔ መሪውን ጨብጬ መናገር አቅቶኛል። ልጅቷ ደብተሮቿን ሳታነሣ ወደ መስኮቴ ቀረበችና፣ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እስካሁን ድረስ አልረሳሁትም። እሷን እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ።

ቮልሷን በሰው መኪና አስጎትቼ ሰባራ ባቡር አጠገብ ወዳለው መካኒኬ ወሰድኳት። (ሰባራ ባቡር የሚለው የሰፈር ስም ራሱ የአንድ ተሽከርካሪ መታሰቢያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣ የእንፋሎት ባቡር እዚያ ተሰብሮ ቀርቶ ለሰፈሩ ስሙን አወረሰ። አገራችን የሰበረውን ተሽከርካሪ እንኳ በከንቱ አትጥልም።) መካኒኩ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ከሥር ገብተው ጥቂት ቆዩና የተቀደደውን የፍሬን ዘይት ቱቦ ይዘው ወጡ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ቮልሶች የፍሬን ዘይት የሚሄድላቸው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንዱ ቦታ ከተቀደደ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ዛሬ የሚሠሩ መኪኖች መስመሩን ለሁለት ስለሚከፍሉት አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይይዛል።

«መምህር፣ በጥር ነግሬዎት አልነበረም?» አሉኝ።

ነግረውኝ ነበር። ቱቦው እየደረቀ ስለሆነ ይቀየር ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ዕቃው እስኪገኝ፣ ደመወዝ እስኪወጣ፣ ጾሙ እስኪያልፍ እያልኩ አቆየሁት። ለዚህች መኪና ያለኝን ፍቅር ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ለመቀየር ሁለት ወር ዘገየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የቮልሷ አይደለም። ነገር ግን ያን ዕለት ማታ ስተኛ አንድ ነገር ቈረጥኩ፦ የልጅ ልጄ ከእንግዲህ በዚያች መኪና አትሄድም። እሷ የማትሄድበትን መኪና ደግሞ እኔ ለምን አቆያታለሁ?

በውጭ አገር የምትኖረው ታላቋ ልጄ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰችና በማግሥቱ ደውላ፣ «አባዬ፣ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ። ግን እባክህ፣ አንድ ቀን እንኳ ለራስህ ደስ የሚልህን ግዛ» አለችኝ።

ደስ የሚለኝን! ወዳጆቼ፣ ይህች ቃል ምን እንደ ቀሰቀሰች ልንገራችሁ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ፒያሳ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት፣ አንዲት ቀይ አልፋ ሮሜዮ ቆማ አይቼ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ ጣራዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ነበረች። ባለቤቷ ከኬክ ቤት ወጥቶ እስኪነዳት ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ሞተሯ ሲነሣ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ተማርኩ፤ አስተማርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ፤ ያች ቀይ መኪና ግን ከዐይኔ አልጠፋችም። ለካ ሃምሳ ዓመት ያህል ያለ ድምፅ ስትጠብቀኝ ኖራለች።

ስለዚህ የመኪና ፍለጋዬን የጀመርኩት «ደህንነቷ የተጠበቀ መኪና እፈልጋለሁ» እያልኩ ቢሆንም፣ እግሬ ይወስደኝ የነበረው ዝቅ ዝቅ ወዳሉት ነበር።

በዚህ ጊዜ የገበያው ሁኔታ እንደ ቀድሞው አልነበረም። ቀድሞ ባለትልቅ ሞተር የስፖርት መኪና ለመምህር ቀርቶ ለነጋዴም ከባድ ነበር፤ ከ1,800 ሲሲ በላይ ሞተር ባላት የቤት መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክሱ ብቻ መቶ በመቶ ይደርስ ነበርና። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝና ከሌሎች ታክሶች ነጻ ተደርገው ስለ ነበር፣ አብዛኞቹ ቻይና ውስጥ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች የአዲስ አበባን ጎዳና ሞልተውታል። ከእነዚህ መካከል የቮልስዋገን ምልክት የለጠፉም አሉ። የመጀመሪያዋን ባየሁ ጊዜ ያንን ክብ ምልክት አይቼ እንደ ዘመድ ልጅ ተከተልኳት። ባለቤቴ ግን፣ «ስሙን ነው የምትገዛው መኪናውን?» ብላ አስቆመችኝ።

ከአንድ መሸጫ ቤት ውስጥ ቀይዋን አገኘኋት። አልፋ ሮሜዮ አልነበረችም፤ የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ ነገር ግን ቀይ ናት፤ ዝቅ ያለች ናት፤ ጀርባዋ እንደሚዘል እንስሳ ታጥፏል። ሻጩ በዕድሜ የተማሪዎቼ ታናሽ የሚሆን ትሑት ወጣት ነበር።

«አባቴ፣ ከዜሮ ተነሥታ መቶ ኪሎ ሜትር ለመድረስ አራት ሴኮንድ ነው የሚፈጅባት» አለኝ።

ቮልሴ ለዚያ ከሠላሳ ሴኮንድ በላይ ያስፈልጋት ነበር፤ ያውም ባሕር ዳርቻ ላይ ሆና፣ ቁልቁለት ካልተገኘ። ወጣቱ የነገረኝ ሌላው ነገር ደግሞ እውነትም የሚያስደንቅ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ከፍታው አይጎዳውም። በጅቡቲ ያለው ጉልበት በእንጦጦም አለ። ፈረሶቹ ሁሉ ተራራውን ይወጣሉ። ቁልቁል ስትወርዱም ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና፣ መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከስድስት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስወርድ የደረሰብኝን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም እውነቱን ልናገር፤ እኔ ያን ጊዜ እያሰብኩ የነበረው ቁልቁለቱን አልነበረም። በሰንበት ጠዋት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፒያሳ ስወርድ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ነበር በሐሳቤ የሚታየኝ።

ባለቤቴ ገብታ ተቀመጠች። ነጠላዋ በሩ ሥር ተያዘ። ለመውጣት ስትሞክር ወንበሩ እጅግ ዝቅ ስላለ ሁለት እጆቿን ይዤ ሳብኳት፤ ሻጩም ከጎን ደገፋት። ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያም ወደ ቀይዋ መኪና አየች። አርባ ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ ትርጉሙ ገብቶኛል።

ያም ሆኖ ልቤ አልተመለሰም። እንዲያውም አንድ ጥሩ ሰበብ አገኘሁ። የቮልስን ንድፍ ያወጣው የፖርሽ ልጅ በ1948 እ.ኤ.አ. የቤተ ሰቡን ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን የስፖርት መኪና ሲሠራ ብዙውን ዕቃ የወሰደው ከቮልስ ነበር። እንግዲያው ቮልስና የስፖርት መኪና ዘመዳሞች ናቸው፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ብሸጋገር ከቤተ ሰቡ አልወጣሁም ማለት ነው! ሰው የሚፈልገውን ነገር ለማድረግ ሲቈርጥ ታሪክም ምስክር ሆኖ ይቀርብለታል።

ማታ እንደ ልማዴ ነገሩን በጽሑፍ ለመመዘን ደብተር አወጣሁ። በግራው ገጽ አናት ላይ «አሮጌዋ»፣ በቀኙ ላይ «አዲሷ» ብዬ ጻፍኩና እያንዳንዳቸውን የሚገልጹ ቃላት ደረደርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከጻፍኩ በኋላ መነጽሬን አስተካክዬ ሳነበው በግራው ገጽ ላይ ያገኘኋቸው ቃላት እነዚህ ነበሩ፦ አደረሰች፤ ተሸከመች፤ ወሰደች፤ መለሰች፤ ቆመች፤ አስገፋች፤ ተነሣች። በቀኙ ገጽ ላይ ያሉት ደግሞ፦ ቀይ፤ ዝቅተኛ፤ ፈጣን፤ አንጸባራቂ፤ ውድ፤ ዘመናዊ።

ወደ ራሴ ሥቄ ሥቄ አልጠግብ አልኩ። በግራው ያሉት በሙሉ ግሦች ናቸው፤ በቀኙ ያሉት በሙሉ ቅጽሎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀይ ስክሪብቶ ያሰመርኩበት ስሕተት በገዛ እጄ ጽሑፍ ፊቴ ተቀመጠ። ከስድስቱ ቅጽሎች ደግሞ አራቱ የሚታዩት ከውጭ ለቆመ ሰው እንጂ መሪውን ለጨበጠው ለእኔ አይደለም። ውስጥ ሆኜ ቅላቷን መቼ አየዋለሁ?

ነገር ግን ለቮልሷም አላዳላሁም። በግራው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ የተረሳ ግሥ ጨመርኩ፤ «ፍሬን በጠሰች» የሚል። ግሥ ሁሉ ምስጋና አይደለም።

ከዚያ ሦስተኛ ገጽ ገለጥኩና የምገዛት መኪና ምን እንድታደርግ እንደምፈልግ በትእዛዝ አንቀጽ ጻፍኩ። ትቁም፤ ይህን በመጀመሪያ ጻፍኩት። የልጅ ልጄን ታድርስ። ባለቤቴን ያለ ሰው እጅ ታስገባ፤ ታስወጣ። የእድሩን ጓዝ ትሸከም። በኮብልስቶኑ መንገድና በክረምቱ ጉድጓድ ሆዷን ሳትፍቅ ትለፍ። ዝርዝሩ አልቆ ሳየው ቀይዋ የምትመልሰው የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ወደ መሸጫ ቤቱ አልተመለስኩም። ሆኖም ልታመሰግኑኝ አትቸኩሉ፤ ዛሬም አንዲት ቀይ መኪና ስታልፈኝ አንገቴ ይዞራል።

የገዛኋት ነጭ፣ ከፍ ያለች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የኤሌክትሪክ መኪና ናት። አንድ ጊዜ ተሞልታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ከአምስት ኪሎ እስከ ልጄ ቤት ደርሼ ለምመለስ ሰው ይህ የብዙ ቀን መንገድ ነው። ችግር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ በቤታችን ግድግዳ ላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ያን ያህል ጭነት አይችልም ስለ ተባለ በሌላ ወፍራም መስመር ማስቀየር ነበረብኝ። መብራት የሚጠፋበት ሌሊትም አለ፤ ስለዚህ ባትሪውን ሳይጋመስ መሙላት ለምጃለሁ።

መኪናዋን እንዲያዩልኝ ወደ ጋሼ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ እጃቸው ግን ገና አልቆሸሸም ነበር።

«መምህር፣ ካንዴላ የላት፤ ዘይት የላት፤ ማርሽ የላት። እኔ ምኗን ልንካላት?» አሉ።

«ፍሬን አላት» አልኳቸው።

«እሱስ አላት» አሉና ጎንበስ ብለው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ በመለስ ሌላ የሚሉት ነገር አልነበረም። ከጋራዡ ስወጣ፣ ቀደም ሲል ያነሣሁት የቃላት ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ካንዴላና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት የልጅ ልጄ ከእኔ ካልሰማቻቸው ከማን ትሰማቸዋለች? አዲሲቷ መኪና ይዛ የመጣችው አንድ «ቻርጅ» የሚል ቃል ነው፤ እሱንም ቀድሞ ከስልክ ጋር ለምደነዋል።

ቮልሷን የገዛኝ በዚያው በአምስት ኪሎ ምህንድስና የተማረ ወጣት ነው። አሮጌ ቮልሶችን እየገዛ ማደስ ይወዳል። በዋጋው ብዙ አልተከራከርንም፤ እኔ የተከራከርኩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሼ ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ቢቀይሩም፣ ገዢው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የፍሬኑን መስመር ለሁለት የተከፈለ እንዲያደርግ በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ውል አዋዋዩ «እንዲህ ያለ አንቀጽ ጽፌ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። «ይጻፍ» አለ፤ ፈረመም። ሊብሬዋን ሰጠሁት።

ዐይኔ እንባ ማቅረሩን አልክድም፤ ግን ከዚያ ይልቅ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ቮልሷ ከግቢያችን ወጥታ ወደ አራት ኪሎ ታጥፋ ከዐይኔ ከጠፋች በኋላም የሞተሯ ድምፅ ለረዥም ጊዜ ይሰማኝ ነበር። በሩ ላይ ቆመው አብረውኝ የሚሰሙ ጎረቤቶች ነበሩ፤ በልጅነታቸው የገፏት ናቸው።

አዲሲቷ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያሉ መኪኖች እግረኛ ሳይሰማቸው እንዳይገጩ በዝግታ ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ አስገድዷል። የእኔዋም አንድ ቀጭን ፉጨት ታሰማለች፤ ከግቢው አጥር ግን አያልፍም። ቀድሞ ቮልሷ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ስትደርስ ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ጀበናውን ከሰል ላይ ትጥድ ነበር፤ በር ከፍቼ፣ መኪና አቁሜ፣ እጄን ታጥቤ ስገባ ቡናው ይፈላል። በመጀመሪያው ሳምንት በአዲሲቷ ስመጣ እንደ መንፈስ ከኋላዋ ቆሜ ሁለት ጊዜ አስደንግጫታለሁ፤ ቡናውም አልተጣደም።

አሁን ከመታጠፊያው ስደርስ ክላክስ አንድ ጊዜ በአጭሩ አደርጋለሁ። ጎረቤቶቻችን ለእነሱ የተደረገ ሰላምታ እየመሰላቸው እጃቸውን ያነሡልኛል።